የግማሽ ቀን አሰልጣኟ አህያ

ተረት ልንገራችሁ፤ ግን አታምኑኝም። በቀረችኝ በአንዲቱ የፊት ጥርሴ እምላለሁ፣ አታምኑኝም። ባታምኑኝም ጥርሴ አትወልቅ፣ ተረቱም አይጎድል፤ ዝም ብላችሁ ብቻ ስሙኝ።

ድሮ፣ ድንጋይ ገና ሳይጠነክር፣ እንስሳትና ዕቃ ሁሉ አፍ በነበራቸው ዘመን፣ አንድ ምንጭ ነበረ። ምንጩ አንድ፣ ጠጪው ሁለት ወገን። ላይ ቤት ፈረስ፣ በቅሎ፣ በሬና ወይፈን። ታች ቤት በግ፣ ፍየል፣ ዶሮና አንዲት አመድማ አህያ። የአህያዪቱ ስም አመዲት ነበር።

ሁለቱ ወገኖች በየዓመቱ በገና ቀን ሜዳ ወርደው ሩር ይጋጠማሉ። ሩር ከወይራ ሥር የተድበለበለች ኳስ ናት፤ በሰኮናም፣ በቀንድም፣ በመንቁርም ትመታለች። እሷም አፍ ስላላት በመቷት ቁጥር ትራገማለች። ሦስት ጊዜ ቀድሞ ግብ ያስገባ ወገን ዓመቱን ሙሉ ከምንጩ ቀድሞ ይጠጣል። የተሸነፈው ወገን በሬ የረገጠውን ጭቃ ይጠጣል።

ታች ቤት ሰባት ዓመት ጭቃ ጠጣ። በጓ ባስነጠሰች ቁጥር ከአፍንጫዋ ገል እስኪወጣ ድረስ ጠጣ። ዘንድሮ ግን ግልገሎቿ ሳል ጀመራቸው። አንዱ ግልገል ሲያስል አድሮ ሲያስል ዋለ። ስምንተኛ ዓመት ጭቃ ከጠጡ እንደማይተርፉ ሁሉም አወቀ።

ያን ጊዜ ወጠጤው ፍየል ተነሣና አሰልጣኝ ያስፈልገናል አለ። ተያይዘው ወደ አመዲት ሄዱ። አመዲት ስንት ገደል የወጣች፣ ስንት ወንዝ የተሻገረች፣ አንድም ቀን ሸክም ጥላ የማታውቅ ናት።

«ጠዋት ጠዋት የጌታዬ ነኝ» አለቻቸው። «ጭነቴ ሲወርድልኝ፣ ከሰዓት በኋላ፣ የእናንተ ነኝ። ግማሽ ቀን ይበቃችኋል?»

«ሰባት ዓመት ምንም አልነበረንም፣ እትዬ» አለ ፍየሉ። «ከምንም ግማሽ ይሻላል።»

ወሬው ላይ ቤት ደረሰ። የላይ ቤት አሰልጣኝ ዳማው ፈረስ ነበር፤ ሥራ የለውም፣ ጭነት አያውቅም፣ ከጎህ እስከ ምሽት ሜዳው ዳር ቆሞ ይጮኻል። ቀኝ ይላል፣ ግራ ይላል፣ ተመለስ ይላል። ጩኸቱ በሦስተኛው ቀበሌ የታቀፈ እንቁላል ከቀኑ በፊት ያስፈለፍል ነበር። ተጫዋቾቹም እሱን ሳያዩ የሚያደርጉት ነገር የለም። በሬው ዝንብ ሲያርፍበት እንኳ ጭራውን ከማንሣቱ በፊት ቀና ብሎ ፈረሱን ያያል።

ዳማው አመዲትን ከምንጩ መንገድ ላይ ጠብቆ ያዛት። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ሲባል ሰምቼ ነበር፣ አሁን ደግሞ አህያ በግ ከፈረስ ልታስጥል ነው አሉ፣ ብሎ ሳቀባት። ቀጥሎም ጠየቃት።

«ግማሽ ነኝ ብለሻል አሉ። ለመሆኑ የሚያሰለጥነው የትኛው ግማሽሽ ነው? የፊቱ ወይስ የኋላው?»

«የኋላው» አለች አመዲት። «ቀረብ ብለህ ጠይቀው።»

ፈረሱ አልቀረበም።

በመጀመሪያው ቀን አመዲት ጭነቷን አራግፋ፣ ላቧ ሳይደርቅ ሜዳ ደረሰች። በጓ፣ ፍየሉና ዶሮዋ በጥላ ሥር ተኝተዋል።

«እኔ በሌለሁበት ምን ስትሠሩ ዋላችሁ?»

«አንቺን ስንጠብቅ» አሉ።

«መጠበቅ ከሆነ የምትፈልጉት ከእኔ ይልቅ ጅብ ጎበዝ አሰልጣኝ ነው» አለችና ጀርባዋን ሰጥታቸው ሣር ትግጥ ጀመር። እስኪመሽ ስትግጥ ቆየች።

ከሳምንት በኋላ ያንኑ ጠየቀች። «እኔ በሌለሁበት ምን ስትሠሩ ዋላችሁ?»

ትንሽ ሮጥን፣ ከዚያ ሦስታችንም ሩሯ ላይ ተረባረብን፣ ከዚያ ተጣላን፣ ከዚያ አንቺን ጠበቅን አሉ። አመዲት በዚህ አልተቆጣችም። ወደ ገበያ መንገድ ይዛቸው ወጣችና የምታውቀውን አሳየቻቸው። ሸክም ወደ ቀኝ ሲያጋድል ግራው ወገን ካልከበደ ይወድቃል፤ ስለዚህ አንዱ ወደ ቀኝ ከሮጠ ሌላው ግራውን ይያዝ። በጠባብ መንገድ ሁሉም ከተጋፋ ማንም አያልፍም፤ ስለዚህ አንዱ ሩሯን ሲይዝ ሌሎቹ መንገድ ይክፈቱ። ቁልቁለቱን መጀመሪያ የሚያየው ፊት ያለው ነው፤ ስለዚህ ያየ ይናገር እንጂ አሰልጣኝ አይጠብቅ። ዶሮዋ እኔ ምን አያለሁ፣ ቁመቴ እንደምታዩት ነው ብትላት፣ አንቺ ከሆድ በታች ያለውን ታያለሽ አለቻት።

የገና ዋዜማ ሳምንት ደረሰ። አመዲት ለሦስተኛ ጊዜ ልትጠይቅ አፏን ከፍታ ሜዳ ገባች። በጓ በግራ በኩል እየበረረች ነው፤ ፍየሉ ይጠራታል፤ ዶሮዋ በሁለቱ መካከል እንደ ጥይት ታልፋለች። ሩሯ እርግማኗን መጨረስ እስኪያቅታት ድረስ ትመታለች። አመዲት መጣች ብሎ ቀና ያለ የለም። ደስ አላት። ትንሽም ከፋት። ከዚያ ደስታው በለጠና ጆሮዎቿ ብቻቸውን ቀጥ ብለው ቆሙ።

ይህን ሁሉ ዳማው ከጉብታው ላይ ሆኖ አየ፤ ፈራም። በገና ጠዋት የአመዲትና የበቅሎዋ ጌታ አማት ዘንድ፣ ከወንዝ ማዶ፣ ሁለት ስልቻ ጤፍ መሄድ ነበረበት። ተረኛዋ በቅሎዋ ነበረች። ዳማው አነክሺ ብሎ መከራት። እሷም አነከሰች፤ ጎህ ሲቀድ በቀኝ እግሯ፣ ረፋዱ ላይ ረስታ በግራ እግሯ። ጌታው እግር አልቆጠረም። ስልቻዎቹን አንሥቶ አመዲት ላይ ጫነ።

አመዲት ወንዙን ስትሻገር ዓይኗ እንባ አቀረረ። ጭነቱ የታሰረበት መጫኛ፣ ስንት ዘመን አብሯት የኖረ አሮጌ ጠፍር፣ አላስቻለውም።

«እትዬ፣ ልላላልሽ?» አላት በቀስታ። «ስልቻው ይወድቃል፣ አንቺ ትሮጫለሽ፣ ጥፋቱ የእኔ ይሆናል።»

«ጥብቅ በል» አለችው። «ሸክሜን ጥዬ ከደረስኩ ምን አስተማርኳቸው?»

ጥብቅ አለ። አደረሰች። ጭነቱ እንደወረደላት ወደ ኋላ በረረች፤ ስትበርር ጥላዋ ሊከተላት አልቻለምና በማግስቱ ብቻውን መጣ ይባላል። ያላመነ ጥላዋን ይጠይቅ።

ጉብታው ላይ ስትደርስ ሁለት ለሁለት ነበሩ፤ የቀረችው አንዲት ግብ ወሳኟ ነበረች። ሜዳው በአቧራ ጨልሟል። ዳማው ድምፁ እስኪሻክር ይጮኻል፤ ቀኝ ሲል በሬውም በቅሎዋም ወይፈኑም አንገታቸውን ወደ እሱ ያዞራሉ፣ አንተን አይደለም ሲል ደግሞ ሦስቱም የትኛችንን ነው ብለው ያዞራሉ። በቅሎዋ ድና፣ በአራቱም እግሯ ትጨፍራለች። ፍየሉ ባጠገቧ ሲያልፍ አባትሽ ጉብታው ላይ ቆሞ ያይሻል አላት፤ እሷም አጎቴ ፈረስ ነው ልትል ዞር ስትል ሩሯ አለፈቻት።

አመዲት ግራውን ያዙ ብላ ልታናፋ አፏን ከፈተች። ወደ እሷ ያየ አልነበረም። ግራው ተይዞ ነበር። አፏን መልሳ ዘጋች፤ በዕድሜዋ ከተሸከመችው ሁሉ ያን ጊዜ የዋጠችው ማናፋት ከበዳት።

ዶሮዋ ከሆድ በታች አንድ ነገር አየች። «በበሬው እግር መሀል!» ብላ ጮኸች። በጓ መታች። ሩሯ በበሬው አራት እግሮች መሀል አለፈች። በሬው እግሬን ልግጠም ወይስ ልተው ብሎ ዳማውን ቀና ብሎ ሲያይ፣ ሩሯ ገብታ እርግማኗን ጨርሳ ተቀምጣለች።

ተያይዘው ወደ ምንጩ ወረዱ። ውሃው ከሰባት ዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርት ብሎ ጠበቃቸው። ዶሮዋ የራሷን መልክ አይታ ማናት ይቺ ቆንጆ አለች። የሚያስለው ግልገል ጎንበስ ብሎ ጠጣ፣ ጠጣ፣ ጠጣ፤ ቀና ሲል አላሳለም። አመዲት ዘወር ብላ የጠጣውን ሁሉ ቆጠረችለት፤ እሷ የጠጣች ያህል ሆዷ ሞላ።

እንግዲህ ደንብ አለ። በገና ቀን አሸናፊ ተሸናፊውን ይሰድባል፤ የተሰደበው ጌታም ቢሆን አይቆጣም። ስድቡን ለእትዬ አመዲት ሰጧት። ላይ ቤቶችም ተሰለፉ፤ ዳማው ጆሮውን ጥሎ ከፊት ቆመ። አመዲት ሰባት ዓመት ሙሉ በየገደሉ ስትወጣ ያዘጋጀችው ስድብ ነበራት፤ ሁለት ስልቻ ይሞላል። ግልገሉን አየች፣ ተማሪዎቿን አየች፣ ስድቡ ጠፋባት። ደረቷን ብቻ ነፋች።

እኔም ለዚህ ተረት አንድ ምክር አዘጋጅቼ፣ በምክሩ ዳቦ ልቀበልበት አስቤ ነበር። አቧራ ለብሶ የሚያለከልከው የላይ ቤት ወይፈን ግን ከአፌ ነጠቀኝ።

«ጋሼ ዳማ» አለ፣ «አንተንም ቢጭኑህ ኖሮ እኮ አሸንፈን ነበር።»