የሐጂ ሺፋ ኮርቻ ሰፊዎች

ግንቡ ባረጀ አንድ የነጋዴዎች ከተማ፣ ሐጂ ሺፋ የሚባሉ ኮርቻ እያሠሩ የሚሸጡ ሷሊህ፣ አላህን የሚፈሩ ሽማግሌ ነበሩ። የሠራተኛ ሐቅ አያሳድሩም ይባልላቸው ነበር።

ከሠራተኞቻቸው ሁሉ እጀ ቀልጣፋው ኸድር ነው። ወስፌው ቆዳ ላይ ሲሄድ ዓይን አይከተለውም። ከእሱ በኋላ የተቀጠረው ዘገምተኛው ዘይኑ የበለጠ ደመወዝ እንደሚያገኝ የሰማ ዕለት ግን ሐሰድ፣ ያ ክፉ ቅናት፣ ልቡ ውስጥ ገባ። ሶላት ላይ ጎን ለጎን ሲሰለፉ እንኳ ዓይኑ የዘይኑ አዲስ ልብስ ላይ ያርፋል። ዘይኑ ሲስቅ በእሱ የሚስቅ ይመስለዋል። «ወንድሜ፣ ይህን ስፌት እንዴት አጠበቅኸው?» ብሎ ዘይኑ ሲጠይቀው፣ ኸድር «ይቀልድብኛል» ብሎ ይንገበገባል። እህል መቅመስም ተወ።

አንድ ነጋዴ ለአሮጊት እናቱ በቅሎ ኮርቻ አዘዘ፤ ሥራው ለዘይኑ ተሰጠ። ኮርቻው አልቆ ዘይኑ ለዙህር ሶላት ውዱእ ሊያደርግ ሲወጣ፣ ኸድር ቢላ አነሳና በበቅሎዋ ሆድ ሥር የሚታሰረውን ጠፍር ከውስጥ በኩል ሸረከተው። ያሰበው የዘይኑን ውርደት ብቻ ነው። አሮጊቷ ገደል አፋፍ ላይ ልትሆን እንደምትችል አልታየውም፤ ቅናት ሩቅ አያሳይም።

ነጋዴው መጥቶ ሊከፍል ሲል ዘይኑ ጠፍሩን በጣቶቹ ዳበሰ። ፊቱ ተለዋወጠ።

«ይህን አይውሰዱ። ጠፍሩ ተጎድቷል፤ ሳላየው ቀርቼ ነው፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ነገ ይምጡ።»

«እናቴ አብራቸው የምትሄደው መንገደኞች ዛሬ ይነሣሉ እኮ!»

«ይነሡ። እናትዎን በዚህ ላይ አላስቀምጥም።»

ነጋዴው በቁጣ ወደ በሩ ሄደ። ደጃፉ ላይ ሲደርስ ግን ዞር ብሎ፣ «ለሠራተኞቼም ኮርቻ የምገዛው ከዚሁ ቤት ነው» አለ።

ኸድር ይህን ሲሰማ ባሰበት። ሐጂ ሺፋ ፊት ቆመና፣ «ሐጂ፣ እኔ በቀን የምሰፋውን እሱ በሳምንት አይጨርሰውም። ደመወዙ ግን ይበልጠኛል። ይህ ዙልም አይደለም?» አለ።

ሽማግሌው እንዲህ ሲሉ መለሱ፦

«መበደሉንስ በድዬሃለሁ። ምክንያቱን ሳልነግርህ ይህን ያህል ጊዜ አቃጠልኩህ፤ አውፍ በለኝ። ልጄ፣ እንዳንተ የሚሰፋ እጅ በዚህ ገበያ ሞልቷል። የገዛ ሥራውን ጉድለት ለገዢ የሚናገር ግን ብዙ ፈልጌ ያገኘሁት አንድ እሱን ነው። ሰው ከሩቅ የሚመጣው እሱን አምኖ ነው፤ ያንተም እንጀራ ከዚያው ይቆረሳል።»

ኸድር ይቅርታ መጠየቃቸውን አልቻለውም። «ጠፍሩን የቆረጥኩት እኔ ነኝ» አለ።

«ለኔ አይደለም፤ ለዘይኑ ንገረው።»

ነገረው። ዘይኑ፣ «ሴትዮዋ ወድቃ ቢሆንስ?» ብሎ ፊቱን አዞረ፤ ቀኑን ሙሉም አላናገረው። በማግስቱ ኸድር ጠፍሩን እንደ አዲስ ሰፍቶ፣ ነጋዴው ሲመጣ ያደረገውን በራሱ አንደበት ነገረው።

ጎረቤቶች ሐጂን፣ «እንዲህ ያለውን ሰው እንዴት አላባረሩትም?» ቢሏቸው፣ እንዲህ ብለው መለሱ፦

«የእጅን ዋጋ ገበያ ይቆርጠዋል፤ የአማናን፣ የመታመንን፣ ዋጋ ግን ሰውየው ራሱ ነው የሚቆርጠው። ኸድር ጥፋቱን በራሱ አንደበት ተናግሮ ትናንት የራሱን ከፍ አደረገው።»

ወገኖቼ፣ ስንቶቻችን ነን የባልንጀራችንን ደመወዝ በዓይናችን ስንመዝን የምንውል? ሪዝቅ፣ የዕለት እንጀራ፣ ከአላህ ነው፤ ሰበቡ ግን ሙያ ብቻ አይደለም፣ መታመንም ነው። አሠሪዎችም ብንሆን የሐጂን ነገር ልብ እንበል፤ የከፈሉት በፍትሕ ነበር፤ ዝምታቸውን ግን በደል ብለው ቆጠሩት። አላህ ከቀናተኛ ዓይን፣ ይልቁንም ከራሳችን ዓይን፣ ይጠብቀን።