የተጣላኸውን ዋስ አድርገህ አምጣ

ተረት ልጀምር ነው! እግራችሁን ሰብስቡ፣ ጆሯችሁን ዘርጉ! «ዘርግተናል!» በሉኝ እንጂ፤ ዝም ለሚለኝ ሰው ተረት አልነግርም። እሰይ፣ እንዲህ ነው።

ድሮ ድሮ፣ አውሬው ሁሉ እንደ ሰው ሲናገር፣ የቤት ዕቃውም እንደ ጎረቤት ሲያማ፣ በአንድ ጫካ ውስጥ አንዲት ሚዳቋ ነበረች። እመት ሚዳቋ ይሏታል። እግሯ ቀጭን፣ ዓይኗ ትልቅ፣ ልቧ ደግሞ ከዓይኗም የባሰ ትልቅ። ሚዳቋ የምትዋጋበት ቀንድ የላትም፣ የምትነክስበት ጥርስ የላትም። ያላት ሀብት አንድ ነው፤ እሱም መሸሸጊያዋ ነው። ነብር ሲመጣ ሮጣ የምትገባበት፣ ማንም የማያውቀው ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ። መሸሸጊያዋ ከታወቀ ሚዳቋ አለቀላት። ይህን ያዙልኝ።

እመት ሚዳቋ አያ ድኩላን አገባች። ኧረ እንዴት ያለ ድኩላ! ቀንዱ የተጠማዘዘ፣ ጎኑ ነጠብጣብ፣ ንግግሩ የሚጣፍጥ! «ዓይኔ» ይላታል፤ «ብርሃኔ» ይላታል። ወደደችውና መሸሸጊያዋን አሳየችው። የወደደ ምን ይደብቃል?

በዓመቱ ተጣሉ። በምን ተጣሉ ብትሉኝ፣ በአንድ እፍኝ የሾላ ፍሬ! ድኩላ ተቆጥቶ ከቤት ወጣ። መንገድ ላይ አያ ነብሮን አገኘና፣ «ሚዳቋን ነው የምትፈልጋት? ከወንዙ ማዶ፣ ከአጋሙ ሥር ታገኛታለህ» ብሎት ሄደ። አፉ ቅቤ፣ ልቡ ጩቤ ማለት ይኼ ነው!

ሚዳቋ ለጥቂት አመለጠች። የነብሩ ጥፍር ጭኗን ጭሮ አለፈ። ሸሽታ ሌላ ጫካ ገባች፣ ትንሽ ጎጆ ቀለሰች፣ አዲስ መሸሸጊያ አገኘች፣ ለማንም ሳታሳይ ሁለት ክረምት ኖረች። አለቀሰች ወይ? አለቀሰች እንጂ! የመጀመሪያውን ክረምት ከሰማዩ ጋር እኩል አለቀሰች። በሁለተኛው ግን እንባዋ እየሳሳ፣ ሳቋ እየተመለሰ መጣ። ጧት ጧት በጤዛው ላይ መዝለል ጀመረች። ልቧም ድንገት «እንደገና ብወድስ?» ይላት ጀመር፤ ያን ጊዜ ደስታው ከፍርሃቱ ጋር አንድ ላይ ያንቀጠቅጣታል።

በጎጆዋ ውስጥ ሁለት ምላሰኛ ዕቃዎች ነበሩ። አንደኛው ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ከበሮ ነው፤ ሠርግ ናፍቆታል። ሁለተኛው የበሩ መቀርቀሪያ ነው፤ እሱ ማንንም አያምንም። ከነጋ እስኪመሽ ይነታረካሉ።

«ድም! እናግባ!» ይላል ከበሮ።

«ቀጭ! አናገባም!» ይላል መቀርቀሪያ።

«ድም! እመቤቴ ገና ወጣት ናት!»

«ቀጭ! ሰው ያመነ፣ ጉም የዘገነ!»

«አንተ እንጨት፣ ስለ ሠርግ ምን ታውቃለህ?»

«አንተን አውቃለሁ! ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር!»

ሚዳቋ በመካከላቸው ቁጭ ብላ ትሰማለች። «ሁለታችሁም እውነታችሁን ነው» ትልና ሁለቱንም ታስኮርፋለች።

አንድ ቀን ጧት ሦስት ሽማግሌዎች መጥተው ደጇ ላይ ቆሙ። ፊት ፊት አባ ኤሊ፣ ከኋላው ባለካባው ጉሬዛ፣ መጨረሻ ላይ ራሰ በራው ጥንብ አንሣ።

«እንደምን አደርሽ፣ እመት ሚዳቋ?» አሉ።

«እግዜር ይመስገን። ግቡ፣ ተቀመጡ።»

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አለ አባ ኤሊ። «ልጃገረድ ብትሆኚ አባትሽን እንጠይቅ ነበር። አንቺ ግን ፈት ነሽ፤ ለራስሽ የምትመልሺ ራስሽ ነሽ። አያ ሰጎን ላግባት ብሎ ልኮናል።»

«ድም! እሺ ብላለች!» አለ ከበሮው ከውስጥ።

«አንተ ዝም በል!» አለች ሚዳቋ። ወደ ሽማግሌዎቹም ዞራ፣ «ዋሱ ማን ነው?» ብላ ጠየቀች። ያለ ዋስ ጋብቻ የለማ!

«ወንድሙ አለ። ወዳጆቹም አሉ።»

«አባቶቼ፣ ለድኩላም ሦስት ዋስ ተጠርቶልኝ ነበር። ሦስቱም ወዳጆቹ ነበሩ። ወዳጅ ስለ ወዳጁ ምን ክፉ ይናገራል? እኔ ድኩላን ሲስቅ አውቀው ነበር፤ ሲቆጣ ግን አላውቀውም ነበር። ስለዚህ አሁን የምፈልገው ሌላ ዋስ ነው። ከልቡ የተጣላውን ያምጣልኝ። የተጣላው ዋስ ይሁነው።»

ጥንብ አንሣ በሳቅ ሊወድቅ ደረሰ። ጉሬዛ ካባውን ሰብስቦ፣ «ይኼ ከአያት ቅድመ አያት ያልተሰማ ነው!» አለ። አባ ኤሊ ግን አንገቱን ወደ ውስጥ አስገብቶ ብዙ አሰበ። ሲያወጣው፣ «ያልተሰማ ነው። ግን ክፉ አይደለም» አለ።

እውነቱን ነው! እኔስ ብሆን ለመጀመሪያው ባሌ ዋስ የጠራሁት ማንን ነበር? አጎቱን! አጎቱ ምን ይለኛል? እንቀጥል።

በማግስቱ አያ ሰጎን ብቻውን እየሮጠ መጣ። አቧራው ገና ሳይበርድ፣ «የተጣላሁት የለም!» ብሎ ጮኸ።

«አንድም?»

«አንድም! ጥል ሊመጣ ሲል እሮጣለሁ። ሦስት ኮረብታ አልፌ ነው የምቆመው።»

«የተቀየመህስ?»

«እሱማ እዚያው ይቀየማላ!»

ሚዳቋ ሳቀች፤ ጥርሷ እስኪታይ ሳቀች። «አያ ሰጎን፣ ደግ ነህ፤ ማንንም አትጎዳም። ግን ከቤት ጥል አይጠፋም። አንተ ሦስት ኮረብታ ማዶ ስትቆም፣ እኔ ከማን ጋር ልታረቅ?»

ሰጎን ምን አደረገ? ሮጠ!

ሳምንት ሳይሞላ ሽማግሌዎቹ ሁለተኛ መጡ። አባ ኤሊ መንገዱ ስለራቀበት ያለከልካል። «አያ ጎሽ ላግባት ብሏል። የተጣላቸውን አምስት ዋሶችም ይዞ መጥቷል» አለ።

«አምስት!» አለ ከበሮው። «ድም! ድም! አምስት!»

አምስቱ ዋሶች ተሰለፉ። አንዱ ያነክሳል፣ አንዱ ጎኑን ይዟል፣ አንዱ አንድ ዓይኑ አብጧል።

«ተናገሩ!» አላቸው ጎሽ።

«ደግ ነው! በጣም ደግ ነው!» አሉ ሁሉም በአንድ ድምፅ፤ ዓይናቸው ግን ከቀንዱ ላይ አልተነሣም።

ሚዳቋ ወደሚያነክሰው ከርከሮ ጠጋ ብላ፣ «እግርህን ምን ነካው?» አለችው።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ ከርከሮ በቀስታ። «ቀንዱ ባለበት ቦታ እኔ ሄጄ ቆምኩ።»

የሚዳቋ ጠጉር ቆመ። «አያ ጎሽ፣ ዋሶችህን አየሁ፤ በቃኝ» አለች። ጎሽ አጓራ፣ መሬቱን በኮቴው ቆፈረ። ሚዳቋ ዘልላ ገባች፤ መቀርቀሪያውም ማንም ሳይነካው ራሱን በራሱ ቀጭ! አደረገ። ሽማግሌዎቹ በስንት ልመና ጎሽን ይዘውት ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ጫካው ሁሉ ወሬ ሆነ። «ፈት ሆና ትመርጣለች!» አሉ። «እንዲህ እንዳለች ታረጃለች!» አሉ። ከበሮው አለቀሰ። «እመቤቴ፣ ዋሱን ተይው። ዝም ብለን እናግባ» አላት።

ሚዳቋ ግን፣ «ብቻዬን መኖርን ችዬበታለሁ» አለችው። «ፈልጌ አገባለሁ እንጂ ቸግሮኝ አላገባም።» እንዲህ ብላ አንድ ነገር ግን ደበቀችው። ምንጩ ዘንድ ውኃ ስትጠጣ የሚያፏጭላት አንድ ሰሳ ነበር። አጭር፣ ጆሮ ሰፊ፣ ከገደሉ አፋፍ የሚኖር። ነብር ሲያይ ያፏጫል፤ በዚያ ፉጨት ስንቱ ተርፏል! ሚዳቋ ፉጨቱን ስትሰማ ልቧ የሚዘለው ግን በነብሩ ምክንያት ብቻ አልነበረም።

ሽማግሌዎቹ ሦስተኛ መጡ። «አያ ሰሳ ላግባት ብሏል» ሲሉ የሚዳቋ ሁለት ጆሮዎች ቀጥ ብለው ቆሙ። በተዘጋው በር ጀርባ ቆማ፣ «ዋስስ?» አለች። ይኼኛውስ ቢከሽፍ? ይኼኛውስ ድኩላ ሆኖ ቢገኝ? ይህን ያህል የፈራችው ይህን ያህል ስለጓጓች ነው።

«ዋሱን ለማምጣት ሦስት ቀን ፈጅቶበታል» አለ አባ ኤሊ። «አልመጣም ብሎት ነው። ይኸው፣ ድምፁ ይሰማል።»

እውነትም ከሩቅ የሚያጉረመርም ድምፅ ይሰማል። አያ ጃርት ነው፤ እሾሁን እያንኳኳ፣ ከፊቱ የሚሄደውን ሰሳን እየተራገመ ይመጣል።

«ከእንቅልፌ ማን ቀስቅሰኝ አለው? እኔና እሱ ተኳርፈናል! ስሚ እመት ሚዳቋ፣ በር ብትዘጊም ትሰሚኛለሽ። ይኼ ሰሳ ግትር ነው! አንድ ጉድጓድ ብቆፍር እግሩን ከተተና ሰደበኝ። እኔም ሰደብኩት። ክረምቱን ሙሉ አልተነጋገርንም!»

«ዋስ አልሆንም እያልክ ነው?» አለው ጉሬዛ።

«ማን እንደዚያ አለ? አልጨረስኩም! በዚያው ክረምት አያ ነብሮ ወደ ሰሳ መጣ። እኔ ከጎሬዬ ውስጥ ሆኜ እሰማለሁ። ‹ያ ጃርት ሰድቦሃል አሉ። ጎሬው የት ነው?› አለው። አለቀልኝ አልኩ። ይኼ ሰሳ ምን አለው መሰላችሁ? ‹ተጣላሁት እንጂ አልሸጠውም። ሂድ ከዚህ!› አለው።»



«በማግስቱ መንገድ ላይ አገኘሁት» አለ ጃርት። «ሰላም የሚለኝ መስሏችኋል? ፊቱን አዞረብኝ! ይኼ ግትር! ዋስ ነኝ፣ ዋስ ነኝ። ይቅርታ ግን ገና አልጠየቀኝም።»

«ጉድጓዱን የቆፈርከው አንተ ነህ!» አለ ሰሳ።

«ሳታይ የሄድከው አንተ ነህ!» አለ ጃርት።

«ድም ድም ድም!» አለ ከበሮው፤ መቻል አቃተው። ሚዳቋ እጇን ወደ መቀርቀሪያው ላከች።

«አልከፍትም!» አለ መቀርቀሪያ። «እባብ ያየ በልጥ በረየ። አንቺን የጠበቅሁሽ እኔ ነኝ።»

«ጠብቀኸኛል፤ ውለታህን አልረሳም» አለችው። «ግን በር ላይ ያኖርኩህ ግድግዳ እንድትሆን አይደለም። መዝጋት ሥራህ ነው፤ መክፈትም ሥራህ ነው። መቼ እንደሆነ የማውቀው እኔ ነኝ።»

መቀርቀሪያው አሰበ። ትንሽ ተንቋቋ። ከዚያም ቀጭ! በሩ ተከፈተ። እልል! ሽማግሌዎቹ በሦስተኛው መምጣታቸው ተቀመጡ! አባ ኤሊ እስክስታ ወረደ፤ ትከሻው ከድንጋይ ልብሱ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ያየ ሁሉ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ጥንብ አንሣ አሸበሸበ፤ ጃርትና ሰሳም እየተዘላለፉ አንድ ላይ ጨፈሩ። ከበሮው ሦስት ቀን ሦስት ሌሊት ተመታ፤ «ደከመኝ» አላለም።

ሚዳቋ በሠርጉ ማግስት፣ «መሸሸጊያዬን ገና አላሳይህም» አለችው።

«አልጠየቅሁሽም» አለ ሰሳ። ክረምቱ አለፈ። አደይ ሲፈነዳ ማንም ሳያስገድዳት፣ «ና፣ አንድ ነገር ላሳይህ» ብላ እየዘለለች ይዛው ሄደች፤ አሳየችው።

ከዚያስ? ከዚያማ ተጣሉ! ምን ትላላችሁ፣ ባልና ሚስት አይጣላም? ሰሳ ሳይነግራት ጃርትን ራት ጠርቶ፣ ጃርት የከረመውን ሥራ ሥር ሁሉ በልቶ ሄደ። እሷ ተቆጣች። እሱ ተቆጣ። «ወጣሁ!» ብሎ ወጣ።

ልክ እንዲህ ነበር። ድኩላም ልክ እንዲህ ተቆጥቶ፣ ልክ እንዲህ ነበር የወጣው። ሚዳቋ ሮጣ መሸሸጊያዋ ገባች። ከገባች በኋላ ነው ትዝ ያላት፤ ይህንንም ቦታ ሰሳ ያውቀዋል! ትንፋሿን ያዘች። ቅጠሉ ተንኮሻኮሸ። የእግር ኮቴ ቀረበ። ዓይኗን ጨፈነች።

«እህ!» አለ አንድ ድምፅ። ሰሳ ነው። ግንባሩ እንደ ተኮሳተረ ነው።

«ገና አልበረደልኝም» አላት። «ተቆጥቻለሁ። ነብሩ ግን በታችኛው መንገድ እየመጣ ነው። ውኃ እንዳትወርጂ።» ይህን ብሎ ከቁጥቋጦው አፍ ላይ ፊቱን አዙሮ ተቀመጠ፤ አኩርፎ ይጠብቃት ጀመር።

እመት ሚዳቋ አየችው። ሳቅ መጣባት፤ እንባ መጣባት፤ ሁለቱም ተደባለቁባት። በሠርጓ ቀን እንኳ ይህን ያህል ደስ አላላትም ነበር። «እኔም ገና ተቆጥቻለሁ!» አለችውና ወጥታ አጠገቡ ተቀመጠች።

እንግዲህ ልባችሁ ተሰብሮ ለነበራችሁ ሁሉ ይኼን እላለሁ፤ ዳግመኛ መውደድ ሞኝነት አይደለም፣ ሳይጠይቁ መውደድ ነው ሞኝነቱ። ተረቴን ውሰዱት፣ አፌን ግን ደረቁን አትተዉት፤ ያን ጠላ ወዲህ በሉት!

በፍቅር ቀን ሁሉም ወዳጅ ነው፤ የእኔ የምትሉትን ሲቆጣ እዩት።