አፈር ለመለመን የተላከ አፍ

በእኛ ወረዳ ስብሰባ ተቀምጦ የሚያውቅ ሰው ይህን ሳያይ አይቀርም። አንድ እጀ ለስላሳ ሰውዬ ይነሣና ስለ ገበሬው ድካም፣ ስለ እናቶች ሸክም፣ ስለ ወጣቱ ችግር የምሳ ሰዓት እስኪያልፍ ይናገራል። ገበሬው፣ እናቶቹና ወጣቱ ከፊቱ ተደርድረው ስለ ራሳቸው ያዳምጣሉ። ያን ጊዜ ከኋላ መቀመጫ አንዱ ሽማግሌ ጉሮሮውን ይጠርግና ስለ ገንቦ አንዲት ነገር ጣል ያደርጋል። የአገሩ ሰው አንገቱን ደፍቶ ይስቃል፤ ከከተማ የመጣው ግን "ምን አሉ? ምን አሉ?" እያለ ዙሪያውን ያያል። ተረቱ ዝም ብሎ ከሜዳ የበቀለ አይደለም። እኔ የሰማሁት የባለታሪኳ የልጅ ልጅ ከሆኑት ከእማማ አሰገደች ነው፤ እሳቸው እንደ ነገሩኝ እነግራችኋለሁ።

ድሮ፣ አገሩ በፊታውራሪና በግራዝማች በሚተዳደርበት ዘመን፣ ወይራ ገደል የምትባል መንደር ነበረች። ወንዶቿ ብረት ይቀጠቅጣሉ፣ ሴቶቿ ሸክላ ይሠራሉ፤ የሚያርሱት መሬት ግን አልነበራቸውም። የአካባቢው ሰው ጠላውን የሚጠምቀው በእነሱ ጋን፣ ወጡን የሚሠራው በእነሱ ድስት ነው። ገበያ ላይ ሲያገኛቸው ግን ቡዳ ናቸው እያለ ልጁን ከጋቢው ሥር ይደብቃል። ዓይናቸውን ይፈራል፤ ድስታቸውን አይፈራም።

የእነሱ ሀብት አንድ ብቻ ነበር፤ ከመንደሩ በላይ ያለው ቀይ አፋፍ። ሴቶቹ የሸክላ አፈር የሚቆፍሩት ከዚያ ነው፤ እናቶቻቸውም ከዚያው ሲቆፍሩ ኖረዋል። አንድ ዓመት፣ የካቲት ሲያልቅ፣ በአፋፉ ግራና ቀኝ መሬት ያለው ግራዝማች ወንድይራድ ቦታውን በእሾህ አጠረና ባሕር ዛፍ ተከለበት። "ከድንበሬ ውስጥ ነው" አለ። አይደለም የሚል ወረቀት በማንም እጅ አልነበረም።

ክረምት ከገባ ሸክላ አይደርቅም። ከፋሲካ እስከ ሰኔ ያልሠራች ሴት እስከ መስቀል ድረስ ለገበያ የምታወጣው የላትም። ሁለት የገበያ ቀን ባዶውን አለፈ። ሦስተኛው ሳይደርስ ሁለት ቤተሰብ ጓዙን ጠቅልሎ አገር ለቀቀ።

መንደሩ ተሰበሰበ። ለአውራጃው ገዢ ለፊታውራሪ ይመኑ አቤት ይባል በሚለው ሁሉም ተስማማ፤ ማን ይሂድ ሲባል ነገሩ ጠና።

"እኔ እሄዳለሁ" አለች ትርንጎ። ትርንጎ የቀጥቃጩ የከፋለ ሚስት ናት። ጋን በማቆም ከመንደሩ ሴቶች የሚደርስባት የለም፤ ንግግሯ ግን አጭር ነው።

"ሄደሽ ምን ልትዪ?" አላት ባሏ።

"አፈራችን ታጠረብን እላለሁ።"

"በቃ?"

"ሌላ ምን አለ?"

ወንዶቹ ሳቁ። አንዱ አዛውንት "ልጄ፣ ችሎት ፊት ሰው የሚናገረው እስኪያልበው ነው" አሉ። ሌላው ደግሞ "የሸክላ ሠሪን ሴት ከበሩ ማን ያሳልፋታል?" አለ። ይህ ቃል ሁሉንም አሳመነ። ሰው በናቃቸው ሚዛን ራሳቸውን መዝነው ቀልለው ተገኙ።

ስለዚህ አቶ አንዳርጌ ተጠራ። አንዳርጌ ከወንዙ ማዶ የሚኖር፣ የሰው ጉዳይ ይዞ በየችሎቱ የሚሟገት ሰው ነው። ምንም ጉዳይ የሌለው ሰው ሳይቀር እሱን ለመስማት ብቻ ስንቅ ቋጥሮ ይሄዳል ይባላል። ሲናገር የሰማው ሁሉ ያደንቀዋል፤ ያሸነፈውን ሙግት ግን ጠይቆ የሚያውቅ ሰው የለም።

መጣና ወንበር ቀረበለት። ዓይኑን ከድኖ ነገሩን እስከ እኩሌታ ሰማና እጁን አነሣ።

"ገብቶኛል።"

"ገና አልጨረስንም እኮ" አለች ትርንጎ።

"የእኔ ሥራ እናንተ ያልጨረሳችሁትን መጨረስ ነው።"

ትርንጎ ገብታ አንድ ጭብጥ ቀይ አፈር በመዳፏ ይዛ ወጣች። "እንግዲያው ይህን ይያዙት። በጣትዎ አሸት አሸት ቢያደርጉት ከሌላው አፈር የሚለይበትን ያውቁታል" አለችው።

አንዳርጌ ነጭ ጋቢውን ሰብስቦ ፈቀቅ አለ። "እመቤቴ፣ ሐኪም በሽታ ለማወቅ መታመም አለበት?"

ወንዶቹ ይህቺን አነጋገር ወደዷት። ሳምንቱን ሙሉ ሲቀባበሏት ሰነበቱ።

የችሎቱ ቀን አንዳርጌ ከፊት፣ የመንደሩ ወንዶች ከኋላ ሆነው ቆሙ። ሴቶቹ ቤት ቀርተዋል። አንዳርጌ ነገሩን ከአዳም ጀመረ።

"ጌታዬ፣ የመጀመሪያው ሸክላ ሠሪ ማን ነው? እግዚአብሔር። የመጀመሪያውስ ገንቦ? አዳም። አዳም ዕፀ በለስን በልቶ ከገነት ሲባረር እንኳ አፈሩን አልተከለከለም። እነዚህ ምስኪኖች ታዲያ ምን በልተው ነው?"

ፊታውራሪ ጉልበታቸውን መታ መታ አደረጉ። ሦስት ወር ሙሉ የድንበርና የከብት ክርክር ሲሰሙ የሰነበቱ ሰው ናቸው፤ እንዲህ ያለ ነገር ጠምቷቸው ነበር። አንዳርጌ ኖኅን አነሣ፣ ሰሎሞንን አነሣ፣ ፀሐይዋ አናት ላይ እስክትደርስ ተናገረ። ግራዝማች ወንድይራድን ግን አላነሣም። አጥሩንም አላነሣም።

"ይበል" አሉ ፊታውራሪ በመጨረሻ። "ለመሆኑ ሰዎቹ የሚፈልጉት ምንድን ነው?"

"አፈር ነው ጌታዬ። አፈር ብቻ።"

ፊታውራሪ አሰቡና ፊታቸው ፈካ። "ከወንዙ ዳር ያ ጥቁር ዋልካ አለ። ክረምት ውሃ ይተኛበታል፣ በጋ ይሰነጣጠቃል፤ የሚያርሰው የለም። እስከ ልጅ ልጃቸው ይሁንላቸው። ከማንም ጋር ከመቀያየም ዳንን። ይበቃቸዋል?"

ከፋለ ከኋላ ሆኖ የአንዳርጌን ጋቢ ጫፍ ሳብ አደረገ። አንዳርጌ ዘወር ሳይል ጫፉን አስለቀቀና "ጌታዬ፣ አፈር አፈር ነው" አለ።

ፊታውራሪ ደስ ብሏቸው ካባ አለበሱት። በዚያም ላይ የሸክላ ሠሪዎች ጠበቃ ብለው ሾሙት፤ ከእንግዲህ የሸክላ ሠሪ አቤቱታ በእሱ አፍ በኩል ካልመጣ እንዳይሰማ አዘዙ።

አንዳርጌ ወይራ ገደል ሲደርስ ካባውን እንደ ለበሰ በበቅሎ ላይ ሆኖ ነገሩን አበሠረ። ከወንዶቹ ጥቂቶቹ ጨፈሩ። ከሴቶቹ እልል ያለች አልነበረችም።

"ዋልካ ነው ያሉት?" አለች ትርንጎ።

"ዋልካ። ከአፋፉ አሥር እጅ ይሰፋል፤ ለቤታችሁም ይቀርባል።"

"ዋልካ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ እሳት ሲነካው ይፈነዳል። ልጅ እንኳ ያውቀዋል፣ አቶ አንዳርጌ።"

"እንዴት እንደ ተናገርኩ በሰማሽ። ፊታውራሪ ዕንባቸው ሊመጣ ምንም አልቀረው።"

"ዕንባቸውን ምን እናደርገዋለን? አቡክተን አንሠራበት።"

አንዳርጌ ተቀየመ። "ሰው የተደረገለትን ማመስገን መልመድ አለበት" አለና ሁለት ሳምንት ቀጠሮ ሰጣቸው፤ ከአዲሱ አፈር አንድ ያማረ ትልቅ ገንቦ ተሠርቶ ለፊታውራሪ የምስጋና እጅ መንሻ ይቀርባል፣ የሚያቀርበውም እሱ ራሱ ነው።

ሴቶቹ አልለገሙም። እማማ አሰገደች ይህን አጥብቀው ነው የሚናገሩት። ዋልካውን ቆፍረው ወቀጡ፣ ነፉ፣ የተሰበረ ሸክላ ፈጭተው ከወትሮው አብልጠው ቀላቀሉበት፣ ወገባቸው እስኪቆረጥ አቦኩ። አሥራ ሁለት ገንቦ አቆሙ። ጥላ ሥር ገና ሲደርቁ ስድስቱ እንደ ባላገር ተረከዝ ተሰነጠቁ። የቀሩት እሳት ውስጥ ገብተው እንደ ጠመንጃ ሲጮኹ ሕፃናት እየሮጡ ወደ ቤት ገቡ። አመዱ ሲገለጥ አንድ ገንቦ ብቻ ቆሞ ተገኘ። ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ ለዓይን የሚያምር ነበር። ትርንጎ በጣቷ ኳ አድርጋ ጆሮዋን አስጠጋች።

"ድምፁ ሞቷል" አለችው አንዳርጌን። "ውስጡ ታሟል፤ ይህን ይዘው አይሂዱ።"

"ከውጭ ያምራል?"

"ማማሩንስ ያምራል።"

"እንግዲያው የቀረውን ለእኔ ተዪው።"

የገንቦው ተሸካሚ ማን ይሁን ሲባል ማንም አልተከራከረም፤ ትርንጎ አዘለችው። ለመንገድ የሚሆን ውሃ ደግሞ ካለፈው ዓመት ቀይ አፈር በሠራቻት ትንሽ ገንቦ ሞልታ ከጎኗ አንጠለጠለች። ማንም አያሳልፋትም የተባለው በር እቃ አዝላ ስትመጣ ወለል ብሎ ተከፈተላት። ተሸካሚ ምን ጊዜም ይገባል።

አዳራሹ ሞልቷል። ፊታውራሪ ምንጣፋቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ግራዝማች ወንድይራድም ከጎናቸው ነበር። አንዳርጌ እጁን በገንቦው አንገት ላይ ጣል አድርጎ ፊቱን ወደ ተሰብሳቢው አዞረና ጀመረ። ፊታውራሪ ግን ለሽማግሌው አሽከራቸው ለአያ ድንቁ "ጠጅ ሳንጥልበት እስቲ ውሃ ሙሉበት" አሉ። አያ ድንቁ ሞሉበት።

"ይህ ገንቦ" አለ አንዳርጌ "የጌታዬ ቸርነት ነው።"

ገንቦው ማላብ ጀመረ።

"እንደ ቃላቸው የጸና ነው። የሰጡትን ይዞ የሚኖር፣ የያዘውንም የማይለቅ ነው።"

ውሃው ከጎኑ በቀጭኑ ወረደና በምንጣፉ ላይ መንገድ ጀመረ። ፊታውራሪ አንድ እግራቸውን አነሡ። ተሰብሳቢው ሻሽና ጋቢውን አፉ ውስጥ ጎሰጎሰ። አንዳርጌ ያን ሁሉ ፊት ሲቀላ ሲያይ ንግግሩ የነካቸው መሰለውና ድምፁን ከፍ አደረገ።

"ዘመን አይሰብረውም፣ ጠላት አያፈሰውም።"

ፊታውራሪ ሁለተኛ እግራቸውን አነሡ። በዚህ ጊዜ የገንቦው አንዱ ጎን ተሸርፎ ወረደና ውሃው ሙሉ በሙሉ ምንጣፉ ላይ ተዘረገፈ።



"ይህን የሠራው ማን ነው?" አሉ ፊታውራሪ።

"እሷ ናት ጌታዬ" አለ አንዳርጌ ፈጥኖ። ስለ ሸክላ ሠሪዎቹ መናገር አቁሞ ቃሉን ለእነሱ ሲለቅላቸው ያ የመጀመሪያው ነው።

ትርንጎ በመንገድ ስታዘጋጀው የመጣችው ነገር ሁሉ ከራሷ ጠፋ። ያላት ትንሿ ገንቦ ብቻ ስለሆነች እሷን ከጎኗ ፈታ ፊታውራሪ እግር ሥር፣ ደረቁ ላይ አኖረቻት።

"ሁለቱንም የሠራሁ እኔ ነኝ ጌታዬ" አለች። "ይቺ የቀዩ አፋፍ አፈር ናት፤ ከማለዳ ጀምሮ ውሃ ይዛለች። ያኛው እርስዎ የሰጡን ዋልካ ነው። የእኛ አፈር ግራዝማች ካጠሩት አጥር ውስጥ ነው፤ እኛ ውጭ ነን። ሁለት ቤተሰብ ተሰዷል፤ ክረምት ሳይገባ ሌላውም ይከተላል።"

ፊታውራሪ ትንሿን ገንቦ አነሡ፣ ታችዋን በመዳፋቸው ዳሰሱ፣ ከውሃውም ቀመሱ። "አፈር አፈር ነው ተብዬ ነበር" አሉ።

"እንዲህ ያለዎት ሰው አቡክቶ አያውቅም ጌታዬ።"

ግራዝማች ወንድይራድ ተቁነጠነጠ። "ባሕር ዛፌን ሊነቅሉብኝ ነው" አለ።

"ዛፍዎን አንነካም" አለች ትርንጎ። "ዛፉ ከላይ ነው ያለው። እኛ የምንፈልገው ከሥር፣ ከአፋፉ ገደል ጎን ነው። አንድ በር ይክፈቱልን፤ ከፋሲካ እስከ ሰኔ እንቆፍራለን፣ ከዚያ በኋላ ዘግተው ይክረሙ።"

ግራዝማች እምቢ የሚልበትን ቃል ፈለገ። ሰው ሁሉ እያየው ስለነበር አላገኘውም። ፊታውራሪ በሩ ሰኞ እንዲከፈት ፈረዱ። ከዚያ አንዳርጌን አየት አድርገው "ከዛሬ ወዲያ የሸክላ ነገር ሲኖር ሸክላ ሠሪዋ ራሷ ትምጣ" አሉ። ካባውን ግን አልገፈፉትም፤ የአዳሙ ነገር መቼም ጥሩ ነበር።

ሰኞ በሩ ተከፈተ፤ ሴቶቹ መቆፈሪያቸውን ይዘው ገቡ። ከተሰደዱት አንደኛው ቤተሰብ ሰኔ ሳይገባ ተመለሰ። ሌላው የሄደበት ቀረ። የመንደሩ ወንዶችም ከዚያ በኋላ አቤት የሚባልበት ነገር ሲመጣ አፈ ጮሌ ፍለጋ ወንዝ አልተሻገሩም፤ ያም ሆኖ ትርንጎን ያኔ የላክናት እኛ ነን ማለታቸውን እስኪሞቱ አልተዉም።

በዚያው ገንቦው በተሸረፈበት ቀን፣ ሰዉ ሲበተን፣ አንዳርጌ በሩ ላይ በቅሎው እስክትመጣ ቆሞ ነበር። አያ ድንቁ የራሰውን ምንጣፍ አጥሩ ላይ ሰቅለው ጫፉን ይጨምቃሉ። አንዳርጌ የሚያዋራው ሰው ቢያጣ ወደ እሳቸው ጠጋ አለ።

"ሰሙልኝ አይደል፣ አያ ድንቁ?" አላቸው። "ሴትዮዋ ንግግሬን አቋረጠችኝ እንጂ፣ እንኳን አንድ በር፣ ኮረብታውን በሙሉ ላሰጣቸው ተቃርቤ ነበር።"

ሽማግሌው የምንጣፉን ጫፍ አንድ ጊዜ ጠምዝዘው ውሃውን መሬት አፈሰሱና ቀና ሳይሉ፣ "ጌታው፣ ምላስ የሠራው ገንቦ ውሃ አያነሣም" አሉት።