በፕላስተር የተሸፈነው ስም

አንድ ከተማ ውስጥ ሰው ፊት መናገር የምትፈራ ዲዛይነር ነበረች። ስሟ ትርሲት ይባላል። ሥዕል ተምራ፣ በጥሩ ውጤት ተመርቃ፣ ወደተወለደችበት ከተማ ተመልሳ በአንዲት ማተሚያ ቤት ተቀጠረች። ቀን ቀን የሠርግ መጥሪያ፣ የሱቅ ማስታወቂያና የመሥሪያ ቤት ቅጽ ታዘጋጃለች። ደንበኛ ሲያዛት አንገቷን ደፍታ ትሰማለች። ሲያመሰግናት ደግሞ የሆነ ነገር የጠፋባት ይመስል ጠረጴዛው ሥር መፈለግ ትጀምራለች።

ከማተሚያ ቤቱ ትንሽ አለፍ ብሎ አንድ አሮጌ የጥጥ መጋዘን ነበር። ጥጥ ከገባበት ብዙ ዘመን ሆኖታል። የከተማዋ ወጣቶች ጠርገው፣ መድረክ ሠርተው፣ አዳራሽ አድርገውታል። የረዳቸው የለም፤ የከለከላቸውም የለም። ቴአትረኞቹ ያጠኑበታል፣ ገጣሚዎቹ ያነቡበታል፣ ሠዓሊዎቹ ሥዕላቸውን ይሰቅሉበታል። ወንዙ በቆሻሻ ሲሞላ ሰዉ ተሰብስቦ የመከረው እዚያ ነው። የገበያው ዋርካ ሊቆረጥ ሲልም “አይቆረጥም” ብሎ የተፈራረመው እዚያው ነው። በሩን የሚጠብቁት ጋሽ ወልዴ ናቸው፤ መጋዘኑ ይሠራ በነበረበት ጊዜ ጥጥ መዛኝ ነበሩ።

ወጣቶቹ የሚቀጥለውን ዝግጅት በሩ ላይ በጠመኔ ይጽፋሉ። ታዲያ ዝግጅቱ ሲቃረብ፣ ሁሌ ዓርብ ከምሳ በኋላ፣ ጋሽ ወልዴ በመስኮቱ ፍርግርግ የገባ ጥቅል ወረቀት ያገኛሉ። ሲፈቱት ፖስተር ነው። ማን እንዳመጣው አይታወቅም። እሳቸውም ሙጫቸውን በጥብጠው በየግድግዳው ይለጥፉታል። የወንዙ ጊዜ የመጣው ፖስተር ላይ አንዲት ዓሣ አፍንጫዋን በክንፏ ይዛ ትታያለች። ያያት ሁሉ ሳቀ፤ በማግስቱ ግን አካፋ ይዞ ወደ ወንዙ ወረደ።

ሠሪዋ ትርሲት ነበረች። ሠራተኛው ለምሳ ሲወጣ እሷ ትቀራለች። በገዛ ወረቀቷና በገዛ ቀለሟ ትሠራለች። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለእናቷ እንኳ አልተናገረችም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በእንጨት ፍሬም ላይ ስስ ጨርቅ ይወጠራል። ሥዕሉና ጽሑፉ ባለበት ቦታ ጨርቁ ቀለም ያሳልፋል፤ የቀረው ቦታ ይደፈናል። ከላይ ቀለም አፍስሰው በጎማ ሲስቡት ሥር ያለው ወረቀት ላይ ይታተማል። ትርሲት ፍሬሙን ባዘጋጀች ቁጥር፣ ከታች በስተቀኝ ባለው ጥግ ስሟን አሳምራ ታስገባለች። ከዚያ ቀለሙን ከማፍሰሷ በፊት ቁራጭ ፕላስተር ትቆርጥና ስሟ ላይ ትለጥፋለች። ስለዚህ ስሙ ጨርቁ ላይ አለ፤ ወረቀቱ ላይ የለም።

ለምን እንደምትጽፈው ታውቃለች፤ ሥራዋን ስለምትወደው ነው። ለምን እንደምትሸፍነውም ታውቃለች።

የመጀመሪያ ፖስተሯን የሠራችው ገና ከትምህርት ቤት እንደተመለሰች ነበር። ስሟን ከቴአትሩ ርዕስ እኩል አግዝፋ ጻፈችው። ቴአትሩ እሑድ ነበር፤ እሷ ቅዳሜ ብላ አተመችው። ሰዉ ቅዳሜ ለባብሶ መጣ። በሩ ዝግ ነው። ዝናቡ ደግሞ ያን ዕለት ብቻ የሚዘንብ ይመስል ወረደ። እናቶች ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ፖስተሩን እያዩ፣ “ትርሲት ደግሞ ማናት?” ተባባሉ። ከዚያ ወዲህ በከተማዋ አንድ ቀልድ ተፈጠረ።

“ድስቴን መቼ ነው የምትመልሺው?”

“በትርሲት ቅዳሜ!”

“ኧረ አንቺ መቼ ነው የምታገቢው?”

“በትርሲት ቅዳሜ!”

የማይመጣ ቀን ማለታቸው ነው። እሷም በመንገድ ስታልፍ ትሰማዋለች።

በፖስተሮቹ ላይ የቀረችው ባዶ ጥግ ግን ባዶዋን አልቀረችም። ሰዉ ለእሱ የተተወች ቦታ መሰለችው። አንዷ “ሁለት አግዳሚ ወንበር አመጣለሁ፤ ዘነበች ነኝ” ብላ ጻፈችባት። አናጢው “የመድረኩን ጣውላ እኔ አስተካክላለሁ” አለ። ሌላው ደግሞ፣ “ባለፈው ከፊቴ የተቀመጥከው ሰውዬ፣ እባክህ ባርኔጣህን አውልቅ” ብሎ ጻፈ። ትርሲት ጠዋት ወደ ሥራ ስትሄድ እያንዳንዷን ጥግ ታነባለች። ደስታዋ ይኸው ነበር፤ ለማንም የማትነግረው ደስታ።

ከዕለታት አንድ ቀን ለከተማዋ አዲስ ሹም ተሾመ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሥርዓት የሚወድ ሰው ነበር። በየግድግዳው ያለውን ፖስተር አየና የማን እንደሆነ ጠየቀ። ቴአትረኞቹን ቢጠይቅ፣ “ሠዓሊዎቹ ናቸው የሚሠሩት” አሉት። ሠዓሊዎቹ፣ “እኛማ የገጣሚዎቹ ይመስለን ነበር” አሉ። ገጣሚዎቹ ደግሞ፣ “ቴአትረኞቹ አይደሉም እንዴ የሚያሳትሙት?” ብለው እሱኑ መልሰው ጠየቁት። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እያንዳንዱ የሌላው ነው ብሎ ስላሰበ፣ አንድም ቀን የጠየቀ የለም።

ሹሙ ተናደደ። “ማስታወቂያውን የሚሠራውን እንኳ የማያውቅ ሰው፣ ለቤቱ እንዴት ኃላፊ ይሆናል? ሐሙስ ከሰዓት አዳራሹ እመጣለሁ። ሠሪው ወጥቶ እኔ ነኝ ይበል። ካልወጣ ቤቱ ከሰኞ ጀምሮ የሲሚንቶ መጋዘን ይሆናል” አለ። የሚለጠፈውንም ማስታወቂያ አስቀድሞ አዘዘ።

ትእዛዙ የደረሰው ትርሲት ለምትሠራበት ማተሚያ ቤት ነበር። የማተሚያ ቤቱ ባለቤት እትዬ አልጋነሽ ወረቀቱን ጠረጴዛዋ ላይ አኖሩላት። “ይህ ቤት ከሰኞ ጀምሮ ለሕዝብ ዝግ ነው” ይላል።

“ለሐሙስ ጠዋት አድርሺልኝ።”

“እትዬ፣ ሌላ ሰው ቢሠራውስ?”

“ሌላ ሰው ማን አለኝ? እኔ ልሣልልሽ? በቀደም የሣልኳትን ዶሮ ደንበኛው ‘ድመቷ ታምራለች’ ብሎኝ ነው የሄደው።”

ትርሲት አልሳቀችም። እትዬ አልጋነሽ በሩ ጋ ደርሰው ዞር አሉ። “የሚገርመኝ ያ ፖስተር ሠሪ ነው። ሌባ ተደብቆ ሲወስድ አይቻለሁ፤ ተደብቆ የሚሰጥ ግን ያየሁት እሱን ብቻ ነው። አሁን ብቅ ብሎ ‘እኔ ነኝ’ ቢል ምን ይቀርበታል?”

ረቡዕ በምሳ ሰዓት ትርሲት ወደ አዳራሹ ሄደች። ጋሽ ወልዴ ከውስጥ ግድግዳው ላይ የቆዩ ፖስተሮችን እያወረዱ ያጥፋሉ። የዓሣዋ ብቻ ገና እንደተሰቀለ ነው።

“ምነው ጋሽ ወልዴ፣ ለምን ያወርዷቸዋል?”

“ሲሚንቶ ሲራገፍ አቧራው ይጨርሳቸዋል፣ ልጄ። ቤቴ ልወስዳቸው ነው።”

“የሠራቸውን ሰው ይቀየሙታል?”

ሽማግሌው እጃቸውን አራግፈው ተቀመጡ። “እኔ ጥጥ ስመዝን የኖርኩ ሰው ነኝ። ጆንያው ላይ የባለቤቱ ስም ካልተጻፈ፣ ጥጡ የፈለገውን ያህል ቢነጣ አይጫንም፤ ጥግ ይጣላል። ስሙን የምፈልገው ላመሰግነው ብቻ አይደለም። ነገ አጠገባችን እንዲቆም ነው።”

“ምናልባት የሚያፍር ሰው ይሆናል።”

“ማፈርስ ደግ ነው። የእሱ ኀፍረት ለእኛ ሲተርፍ ግን ምን ይባላል?”

ትርሲት እስከዚያች ቀን ድረስ መደበቋን ትሕትና ነው ብላ ታስበው ነበር። እሷን የጠበቃት ፕላስተር እነሱን እያጋለጠ እንደሆነ አንድም ቀን አልታያትም።

ሐሙስ አዳራሹ ጢም አለ። ሹሙ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ፣ “እሺ፣ ሠሪው ማነው?” አለ። ሁሉም እርስ በርሱ ተያየ። ትርሲት በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ታቅፋ ከኋላ ቆማለች። አፏን ከፈተች፤ ድምፅ አልወጣም። እንደገና ሞከረች።

“ምን አልሽ ልጄ?” አሉ አጠገቧ ያሉት፤ እኚያ ባለ ወንበሯ ወይዘሮ ዘነበች ናቸው።

“እኔ ነኝ… አልኩ።”

“ዝም በሉማ! እኔ ነኝ ትላለች!” ብለው ጮኹ ወይዘሮ ዘነበች።

ሰዉ ዞረ። ከወዲያ ጥግ አንዱ፣ “የቅዳሜዋ ትርሲት? ታዲያ ፖስተሩ ቀኑን እንዴት ሳይስት ቀረ?” አለ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። የቴአትረኞቹ አለቃ ምንተስኖት ግን አልሳቀም። “እህቴ፣ ቤቱን ለማዳን ብለሽ መሆኑ ይገባኛል። ግን የሌላ ሰው ድካም አትውሰጂ” አላት። ሳቁን ችላዋለች፤ ይህኛው ግን አጥንቷ ድረስ ገባ። ጋዜጣውን ፈታች።

ከውስጡ፣ ከወረቀት፣ ከቀለምና ከጎማ ጋር፣ የወጣው የዓሣዋ ፍሬም ነበር፤ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ለዓመታት ከቁም ሣጥኗ ጀርባ የኖረ። መድረኩ ጫፍ ላይ ወረቀት ዘረጋች፣ ቀለም አፈሰሰች፣ ጎማውን ሳበች። ፍሬሙን ስታነሳ ዓሣዋ አፍንጫዋን ይዛ ብቅ አለች። ጋሽ ወልዴ አዲሱን ወረቀት ወስደው ግድግዳው ላይ ካለው አሮጌው ጎን አደረጉት። በሁለቱም ላይ፣ በዓሣዋ ክንፍ ጫፍ፣ ከፍሬሙ ጨርቅ የመጣች አንዲት ቀጭን ጭረት አለች። ያቺን ጭረት ከተማው ሁሉ ያውቃታል። ከዚያ በኋላ የሳቀባት የለም።

“ጥጉን ለምን ባዶ ተውሽው?” አለ ሹሙ።

ትርሲት በጥፍሯ ፕላስተሩን ጫፉ ላይ ያዘች። ደርቆ ስለነበር በቀላሉ አልለቀቀም፤ እየተቆራረጠ ወጣ። ሌላ ወረቀት አስገብታ ጎማውን እንደገና ሳበች። ጥጉ ላይ፣ ከዓሣዋ ጅራት ሥር፣ “ትርሲት” የሚል ታተመ።

“ሁልጊዜ ጽፌዋለሁ” አለች። “ሁልጊዜም ሸፍኜዋለሁ። ያን ቅዳሜ በእኔ ጥፋት የደበደባችሁን ዝናብ ይቅር በሉኝ።”

“አይ ልጄ፣ እሱንማ ድሮ ረስተነዋል!” አሉ ወይዘሮ ዘነበች።

“ኧረ አልረሳንም!” አለ አንዱ ከኋላ። አሁን ሁሉም ሳቀ፤ እሷም ሳቀች።

እትዬ አልጋነሽ ከሰው መሀል ብድግ አሉ። “ፕላስተሬ ቶሎ ቶሎ የሚያልቀው ለካ ለዚህ ኖሯል!”

ሹሙ ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀ። “መልካም፤ አንድ ሰው ተገኘ። አሁን ግን ልጠይቅሽ። ለዚህ ሁሉ ሕዝብ አንቺ ብቻሽን ልትጠየቂ ነው?”

በዚህ ጊዜ ወይዘሮ ዘነበች ተነሥተው፣ “እስቲ ያንን ወረቀት ስጡኝ” አሉ። ከስሟ ጎን፣ “የወንበሩን ነገር እኔን ጠይቁኝ፤ ዘነበች” ብለው ጻፉ። አናጢው መጣ፤ መድረኩን በስሙ ያዘ። ምንተስኖት ቴአትሩን በስሙ ሲያስይዝ፣ “እህቴ፣ አጥፍቻለሁ” አላት። ሠዓሊዎቹም ገጣሚዎቹም ተከተሉ። ጋሽ ወልዴ በመጨረሻ መጥተው “በሩን” ብለው ፈረሙ። ጥጉ ሞልቶ ጽሑፉ እስከ ዓሣዋ ሆድ ደረሰ።

ሹሙ ወረቀቱን አንብቦ በጥንቃቄ ጠቀለለው። “ይህ ለእኔ ማመልከቻ ነው። ቤቱ ለአንድ ዓመት በእነዚህ ሰዎች ስም ይቆያል። ከዓመት በኋላ ተገናኝተን እንነጋገራለን” አለ። ሊወጣ ሲል ወደ ትርሲት ዞረ። “ያዘዝኩት ማስታወቂያ አለቀ?”

“አልጀመርኩትም ጌታዬ።”

“እንኳንም አልጀመርሽው።”

የሚቀጥለው ፖስተር በመስኮት አልገባም። ትርሲት ራሷ ተሸክማ በበሩ አስገባችው። ጥጉ ላይ ስሟ በትናንሽ ፊደላት አለ፤ ከጎኑ ያለው ቦታ ግን እንደ ድሮው ባዶ ነው፤ የሚጽፍበት ሰው እንዳለ አሁን ታውቃለችና። ዝግጅቱ ቅዳሜ ነበር። ሦስት ጊዜ አጣርታለች። ያን ዕለት አዳራሹ ሞልቶ ሰው በር ላይ ቆመ። ዛሬ በዚያች ከተማ አንድ ሰው “በትርሲት ቅዳሜ እመጣለሁ” ካለ፣ ሳይቀር ይመጣል ማለት ነው።

ወዳጆቼ፣ በዝምታ መልካም መሥራት ያስከብራል። የሠራነው ነገር ጠያቂ ሲመጣበት ግን መደበቃችን ትሕትና መሆኑ ያበቃል፤ የምንወዳቸውን ሰዎች ብቻቸውን መተው ይሆናል። ስምን ማስቀመጥ ሁልጊዜ ክብር መፈለግ አይደለም፤ አንዳንዴ “ብትጠሩኝ አለሁ” ማለት ነው። አንድ ሰው እየፈራም ቢሆን እንዲህ ሲል፣ ሌሎች ስማቸውን የሚያኖሩበት ቦታ ያገኛሉ።

እርስዎስ፣ አሳምረው ጽፈው ፕላስተር የለጠፉበት ስም የት ጥግ ላይ ነው ያለው?