የተጻፈው ቁጥርና የቆመው ግድግዳ

በወረቀት ዘመን የቤት ፕላን የሚሠራ አንድ ሰው ነበረ። እጁ የታመነ ነበር። ማስመሪያውን፣ የቀለም ብዕሩንና ምላጩን ይዞ ጠዋት ይቀመጣል፤ ሲመሽ ይነሣል። ምላጩ ለማጥፊያ ነው። በስሱ ወረቀት ላይ በቀለም የተሰመረ መስመር በላጲስ አይለቅም፤ በምላጭ ተፍቆ ነው የሚነሣው። ደጋግመው ከፋቁት ወረቀቱ ይበሳል፤ የሳምንት ሥራም አብሮ ይሄዳል።

ስለዚህ የሙያው ሰዎች አንድ ልማድ ነበራቸው። ደንበኛው መጥቶ «ይሄን ግድግዳ ትንሽ ግፋልኝ» ካለ መስመሩን አይነኩም። ቁጥሩን ብቻ ፍቀው አዲሱን ይጽፋሉ፤ ከወረቀቱ ግርጌም «በቁጥሩ ሥሩ፤ መስመሩን አትለኩ» የሚል ማሳሰቢያ ያኖራሉ። ግንበኛው ማሳሰቢያውን ያውቃል፤ ሜትሩን ዘርግቶ በቁጥሩ ይሠራል። ማታለል አልነበረም። መስመር የሰው እጅ ያሰመረው ነው፣ ይስታል፤ ቁጥር ግን ቃል ነበር፣ ይከበራል።

ይህን የሚያወሩት ጋሽ ልሳኑ ናቸው፤ በኮምፒውተር ፕላን መሥራትን ያስተምራሉ። የሚያወሩት ለዘርፌ ነው። ዘርፌ በአንድ ማዘጋጃ ቤት ለብዙ ዘመን ፕላን በእጇ ስትሠራ የኖረች ሴት ናት። መሥሪያ ቤቱ ወደ ኮምፒውተር ሲዞር ለሥልጠና ላካት፤ የመጨረሻውን ፈተና ካላለፈች ወደ መዝገብ ቤት ትዛወራለች። የፈተናው ፕላን የሚሰበሰበው በማግስቱ ከሰዓት ነው። በፕላኑ ላይ ሦስት ሜትር መሆን የሚገባውን ክፍል ፕሮግራሙ ሁለት ሜትር ከዘጠና ሰባት ነው ይላታል። ልታስተካክለው ማውሱን ወደ ማዕዘኑ ስታስጠጋ መስመሩ ዘሎ ሌላ ጫፍ ላይ ይጣበቃል። ከቀትር ጀምሮ ስትታገለው ውላለች።

«እባክሽ አትድከሚ» አላት ከጎኗ የተቀመጠው ሠልጣኝ። «ይሄ ፕሮግራም እንደ አማት ነው። የሰጠሽውን ሁሉ ለክቶ ነው የሚቀበልሽ።»

ዘርፌ አልሣቀችም። «ጋሽ ልሳኑ፣ ቁጥሩን ሁለቴ ስጫነው ይከፈታል። አጥፍቼ የፈለግሁትን መጻፍ እችላለሁ። ሦስት ሜትር ብዬ ብጽፍበት ምን አለበት? ሦስት ሴንቲ ሜትር ናት እኮ።»

ጋሽ ልሳኑ ወንበር ስበው አጠገቧ ተቀመጡ፤ መልሳቸውንም የጀመሩት ከዚያ ከወረቀቱ ሰው ነው። አሁንም ስለ እሱ ቀጠሉ።

ያ ሰው ኮምፒውተር የደረሰበት ዘግይቶ ነው። ሁሉ ነገር ተገለበጠበት። ወረቀት የሰጡትን ተቀብሎ ዝም ይላል፤ ፕሮግራሙ ግን ይመልሳል። መስመር ባሰመረ ቁጥር ፕሮግራሙ ራሱ ለክቶ ርዝመቱን ይጽፍበታል። ሰውየው ሦስት ሜትር ያለው ሦስት ሳይሞላ ይቀራል፣ ወይም ያልፋል። ማታ ማታ ዓይኑ እየቆጠቆጠው ወደ ቤቱ ይሄዳል። አንድ ቀን ታዲያ ቁጥሩን አጥፍቶ በላዩ መጻፍ እንደሚቻል ደረሰበት። ማንም አላሳየውም። «ምላጬን አገኘሁት» አለ። ከዚያ በኋላ ሥራው ቀለለው።

የአንድ ወረዳ ጤና ጣቢያ ፕላን ተሰጠው። ሠርቶ ሲጨርስ የማዋለጃ ክፍሉን የምትመራው ነርስ ልታየው መጣች። ረጅም መንገድ በአውቶቡስ ተጉዛ ነው የመጣችው። ጣቷን ከማዋለጃው በር ፊት ባለው መታጠፊያ ላይ አሳረፈች።

«ወንድሜ፣ ይሄ ይጠባል። አልጋው እናቲቱን እንደ ተሸከመ እዚህ ጋ መዞር አለበት።»

«ስንት ይሁንልሽ?»

«ሁለት ሜትር ከአርባ ቢሆን እንደ ልብ ይዞራል።»

«ቀላል ነው፤ ጥቂት ጠብቂኝ።»

ቀላል አልነበረም። ግድግዳው ከተገፋ በሩ ይገፋል፤ በሩ ከተገፋ የጎኑ ክፍል ይጠባል፤ የጎኑ ክፍል ከጠበበ ዓምዱ ያለ ቦታው ይቀራል። ሰውየው ደክሞት ነበር። መስመሩን አንድ ሜትር ከሰማንያ ላይ እንዳለ ተወውና በቁጥሩ ላይ ሁለት ሜትር ከአርባ ብሎ ጻፈ። ክፉ አላሰበም። ግንበኛው ቁጥሩን ያነባል ብሎ አምኗል፤ ዕድሜውን ሙሉ የሠራው እንደዚያ ነው። ነርሷም ቁጥሩን አየች፣ አመሰገነችውና ሄደች።

ቁጥሩን ያነበበ ሌላ ሰው ግን አልነበረም። ፕላኑ በወረቀት ሳይሆን ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው ሄደ። ቀያሹ የግድግዳዎቹን ማዕዘን በመሣሪያው ከመስመሮቹ ወስዶ መሬት ላይ ችካል ተከለ። ግንበኞቹ ችካሉን ተከትለው ብሎኬት ደረደሩ፤ አርማታ ተሞላ፤ ጣሪያ ተመታ።

ለርክክብ ሰውየውን ጠሩት። ነርሷ አልጋውን እየገፋች መታጠፊያው ጋ ስትደርስ አልጋው ግድግዳውን ገጭቶ ቆመ። ወደ ኋላ ስባ እንደገና ሞከረች። ጎማውን አዙራ ሞከረች። ከዚያ እጇን ከአልጋው ላይ አነሣች።

«ወንድሜ፣ ቁጥሩ አልፏል» አለችው። «የቀረው አልጋው ነው።»

ሰውየው ጥፋቱ የግንበኛው ነው ብሎ እየተብሰለሰለ ወደ ቢሮው ተመለሰ። ሊከሰው ፕላኑን ከፈተ። ሁለት ሜትር ከአርባ የሚለው እንዳለ ነው። እጁ ምን እንደ ነካው እንጃ፣ ያን ቁጥር አጠፋው። በምትኩ ምንም አልጻፈም። ፕሮግራሙ ወዲያው፣ ማንም ሳያዘው፣ በባዶው ቦታ አንድ ሜትር ከሰማንያ ብሎ ጻፈ። ፕሮግራሙ ያን ሁሉ ጊዜ ያውቅ ነበር። አፉን ይዞት የነበረው ሰውየው ራሱ ነው።

ግድግዳው ጣሪያውን ተሸክሟልና ማፍረስ አልተቻለም። ሰውየውን የከሰሰው የለም፤ ሥራውንም አላጣም። በዚያ ጤና ጣቢያ ምጥ የያዛት ሴት መታጠፊያው ጋ ስትደርስ ከአልጋዋ ትወርዳለች። መራመድ ካቃታት ዘመዶቿ በብርድ ልብስ ተሸክመው ያዞሯታል። ዛሬም እንደዚያው ነው።

ጋሽ ልሳኑ ወደ ዘርፌ ዞሩ።

«እንግዲህ አንቺም ምላጭሽን ያገኘሽበት ቦታ ደርሰሻል። ፕሮግራሙ ጠባየ ብዙ ነው፤ አልዋሽሽም። መስመሩ ሳታዢው ይዘላል፣ ያልፈለግሽው ጫፍ ላይ ይጣበቃል። እሱን ትለምጂዋለሽ። ቁጥሩ ግን ጠባዩ አይደለም፤ ምስክርነቱ ነው። ሦስት ብለሽ ስትጽፊ የምታስተካክዪው ክፍሉን አይደለም። ስለ ክፍሉ የሚነግርሽን ነው ዝም የምታሰኚው።»

«ባልጨርሰውስ? መዝገብ ቤት ነው የሚወረውሩኝ።»

«ይወረውሩሽ ይሆናል። አንቺ ብትወድቂ መዝገብ ቤት የምትገቢው አንቺ ነሽ። ያ ሰው ሲያልፍ ግን መታጠፊያው ላይ የቀረችው ሌላ ናት።»

«ደክሞኛል ጋሽ ልሳኑ።»

«አያለሁ። እኔም ደክሞኛል። በዚህ ክፍል ውስጥ ያልደከመው እሱ ብቻ ነው» አሉ፣ ኮምፒውተሩን በአገጫቸው እያመለከቱ። «አሁን ምንም ሳትነኪው ተነሥተሽ ሂጂ። ሁለት ሜትር ከዘጠና ሰባት እንዳለ ይደር። ደክሞሽ የተውሽው ስሕተት ጠዋት ስትመጪ ራሱ ይጠራሻል። ደክሞሽ የሸፈንሽው ግን ሰው በአልጋ ተጭኖ እስኪመጣበት ድረስ ዝም ይላል።»