ከክርን በላይ ያለች ጉጥ

አንድ ሰው ነበረ። አትቸኩል ልጄ፣ ጥያቄህን አልዘነጋሁትም። ሰውና ቺምፓንዚ ከአንድ ግንድ መጡ ከተባለ ክብራችን የት ይገባል ብለሃል። እሱን ነው የምመልስልህ።

ይህ ሰው ባለጸጋ ነበር። ከእናቱ ወገን የመጣ ሰፊ ርስት ነበረው። ከርስቱ ጠርዝ ላይ አንድ ሸክላ ሠሪ ጎጆ ቀልሶ ከነልጆቹ ይኖር ነበር። ባለጸጋው ቦታውን ሊያርሰው ፈለገና ክረምት ሳይገባ ልቀቅ አለው። ሸክላ ሠሪው መሄጃ አልነበረውም። ሽማግሌዎች ፊት ቀርቦ፣ ቅድመ አያቱ የባለጸጋው እናት ወገን ልጅ እንደነበረች፣ ሸክላ ሠሪ በማግባቷ ተባርራ ስሟ ከዘር ቆጠራው እንደወጣ፣ እሱም የርስቱ ተካፋይ እንደሆነ ተናገረ።

ባለጸጋው ሳቀ። የአያት የቅድመ አያቶቹን ስም አንድ በአንድ ቆጥሮ ሲጨርስ፣ «እነዚህ ሸክላ ሠሪዎች እኮ ጅብ ይሆናሉ የሚባሉ ናቸው። የእኔ ዘር ከጅብ ጋር አይቆጠርም» አለ። ያን ጊዜ ሸክላ ሠሪን እንዲያ ይሉት ነበር። ዛሬም የሚሉ አሉ፤ ያሳፍራል።

ሽማግሌዎቹ ምስክር ቢያጡ፣ የሁለቱንም ገላ ያውቃል ብለው የአገሩን ወጌሻ ጠሩ። ወጌሻው የዘር ቆጠራ አያውቅም፤ የሚያውቀው አጥንት ነው። ባለጸጋው ከበቅሎ ወድቆ ክንዱ ሲወልቅ ያሸለት እሱ ነው። የሸክላ ሠሪውንም ክንድ አሽቷል። ከሁለቱም ክርን ከፍ ብሎ፣ በውስጥ በኩል፣ የገብስ ፍሬ የምታህል የአጥንት ጉጥ ዳስሷል። በሠላሳ ዓመት ሥራው ሌላ ሰው ላይ አላጋጠመችውም፤ ይህንኑ ለሽማግሌዎቹ ነገራቸው።

ባለጸጋው፣ ሁሉም በእጁ የሚሠራ ስለሆነ እጅ ከእጅ ቢመሳሰል አይደንቅም ብሎ ተከራከረ። ወጌሻውም፣ «ጌታዬ፣ የመዳፍን መጅ ሥራ ያመጣዋል። ይቺ ግን ምንም አትሠራም። ለምንም የማትረባ ነገር ሁለት ሰው ላይ ከተገኘች፣ ከወላጅ የወረደች ናት» አለው።

ሽማግሌዎቹ ክንድህን አሳየን አሉት። ባለጸጋው እጅጌውን ጨብጦ እምቢ አለ። ያን ጊዜ ከኋላ ተቀምጠው የነበሩት አሮጊት እናቱ ተነሡ። ማንም አልጠራቸውም። ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው ሰብስበው የከሳ ክንዳቸውን ለወጌሻው ዘረጉለት።

«ከእኔ ጀምር» አሉ። «የተባረረችው የአያቴ እህት ናት። እያወቅሁ ዝም አልኩ።»

ወጌሻው ዳሰሰና እዚህም አለች አለ። ሸክላ ሠሪው ከጎጆው አልተነሣም። ባለጸጋው ግን እስኪሞት ድረስ በዚያ ደጃፍ ባለፈ ቁጥር ፊቱን ያዞር ነበር። እኔ አዝንለታለሁ።

እንግዲህ ልጄ፣ የቀደሙት የተፈጥሮ ሊቃውንትም እንደዚያ ወጌሻ ነበሩ። ስም የሚቆጥርላቸው አልነበረም። የሰውንና የጎሪላን የእጅ አጥንት ጎን ለጎን ዘርግተው ቢያመሳክሩ፣ አንዱ ያለው ሌላው ላይ ተገኘ። ከወገባችን በታች የጅራት ሥር የመሰለ አጥንት፣ በጆሯችን ዙሪያም ጆሮ ማንቀሳቀስ የተሳናቸው ጡንቻዎች አገኙ። ቺምፓንዚም እንደኛው አለው። ለምንም የማይረባው ነገር ነው ዝምድናውን የመሰከረው። ቺምፓንዚ ወለደን አላሉም፤ ሸክላ ሠሪውም የባለጸጋው አባት አልነበረም። ሁለቱም ከአንድ የቆየ ቤት ወጡ ነው ያሉት።

ክብራችን የት ይገባል ላልከኝ፣ እናቲቱ ክንዳቸውን ሲዘረጉ ከዚያ ሸንጎ የናቃቸው አንድም ሰው አልነበረም። የተዋረደው እጅጌውን የጨበጠው ልጃቸው ነው።