ክዳኑ ከመገለጡ በፊት

አንዲት ምላሷ ከበርበሬዋ የሚያቃጥል የሽሮ ቤት ባለቤት ነበረች። ሽሮው ሲንተከተክ እየተፈናጠረ እጇን ቢለበልባት፣ ሁለት ዓመት ለፍታ እንፋሎቱን አስወጥቶ ሽሮውን የሚያስቀር ክዳን ሠራች። የፈጠራ መብት ማመልከቻዋ ግን ገና ከቢሮ ቢሮ እየዞረ ነበር።

ክዳኑን በፎጣ ጠቅልላ፣ ገንዘብ ያወጡልኝ ይሆናል ብላ የድስት ፋብሪካው ጌታ አቶ ይርዳቸው ዘንድ ሄደች። በሩ ላይ ዘበኛው ቦርሳዋን በረበረ፣ ጥቅሉን ዳበሰ፣ መታወቂያዋን ያዘ።

"እስቲ ፎጣውን ግለጪው" አሉ አቶ ይርዳቸው ወንበራቸው ላይ እንደተንሰራፉ።

"በደስታ ጌታዬ። መጀመሪያ ግን ያዩትን ያለ እኔ ፈቃድ እንደማይሠሩት እዚህች ወረቀት ላይ ይፈርሙልኝ።"

የሰውየው ደም ፈላ። "እኔን ሌባ ማለትሽ ነው? በዚህ ከተማ የእኔ ቃል ከማንም ፊርማ ይበልጣል! ወይ አሁን ግለጪው፣ ወይ ይዘሽው ውጪ!"

አጠገባቸው የቆመው ሥራ አስኪያጃቸውም ደመወዝተኛ ነውና አብሮ ተቆጣ።

ሴትየዋ ጥቅሉን ይበልጥ አጥብቃ ያዘችና እንዲህ አለች፦

"ኧረ እንዲህ ያለ ቃል ከአፌ አልወጣም ጌታዬ! ስገባ ዘበኛዎ ቦርሳዬን ሲበረብር፣ ሌባ አለኝ ብዬ መች ተቆጣሁ? ስወጣም የእርስዎ ዕቃ አብሮኝ እንዳይወጣ መልሶ ይፈትሸኛል፤ ደግ አደረገ። እርስዎ ክዳኔን አይተው ሲነሱ ግን፣ ጭንቅላትዎን የሚፈትሽልኝ ዘበኛ ከየት ላምጣ?"